ከኩልፎ ማዶ ያለው በሽተኛ

ለውድ እኅቴ ለዓለሚቱ፣ ለእኔ ግን እንደ ልጅነቴ ለእታለም፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንደምን ሆነሽ ይሆን? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ ጋብ አለ ወይስ እንደ ልማዱ ነው? ጋሽ ወልደሥላሴ ዓይናቸውን ታዩ? ፀደይን አዲሱ ሥራ ተስማማት? ትንሹ ዳግም የፊት ጥርሱ በቀለለት? በያላችሁበት የፈጣሪ ጥላ አይለያችሁ። እኔ በቸርነቱ አለሁ። «ደህና ነኝ» ልጽፍ ብዬ እጄን መለስ አደረግሁት። «አለሁ» የሚለው ይበቃል፣ እውነቱም እሱ ነው።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ከዚያ አንቺ ደስ ይልሻል፣ እኔም ቃሌን መመለስ ያቅተኛል፣ ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ጉልበትሽ ይሄዳል። ወረቀት ግን አያጣድፍም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ አባትም እናትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺን ስድስት ወር ሙሉ መዋሸቴ ከበሽታው በላይ ከብዶኛል። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሚፍታ ይባላል፣ የሰፈራችን ባለሱቅ የከድር ወንድም ነው። ዕቃ ሊያመጣ ወደዚያ ስለሚመጣ አደራ ብዬዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ መጨረሻው ክፉ አይደለም።

እንግዲህ ልንገርሽ። ግንቦት ላይ ሆስፒታል የተኛሁት ጨጓራዬን አሞኝ ነው ብዬሽ ነበር። ጨጓራ አልነበረም፣ ልቤ ነው። አንድ ማለዳ ጓሮ በርሜል ላይ ውሃ ስገለብጥ ደረቴ መሐል አንድ ኩንታል እህል የተጫነብኝ ያህል ከበደኝ፣ ግራ ክንዴ ደነዘዘ፣ ላብ በጀርባዬ ወረደ። እኔም መጀመሪያ ጨጓራ ነው ብዬ ራሴን አታልዬ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣሁና ጋደም አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጣሪያውን እያየሁ ተኛሁ። የሚጠራ ሰው ቢኖር እጠራ ነበር፤ ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፣ ልጅ እንደሆነ አልሰጠንም። በመጨረሻ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁና ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ፊቴን ሲያይ ሌላ ሰው ሳይጭን ሆስፒታል አደረሰኝ። ለዚያች ለግማሽ ሰዓት ሐኪሞቹ በኋላ በደንብ ተቆጥተውኛል።

ያከመችኝ ብሩክታዊት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ወደ ልቤ ደም የሚያደርሰው ቱቦ ተዘግቶ እንደነበር አስረዳችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው መስመር ሲዘጋ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቅኋትም። ከዚያ አስታማሚህ የት ነው ተባልኩ። ያለ አስታማሚ የሚተኛ ሰው እኛ ዘንድ እንደማይታወቅ መቼም አንቺ አታጪውም፤ ምግብ የሚያመጣው እሱ፣ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው እሱ፣ ደግፎ የሚያስነሳው እሱ ነው። አፈርኩ። እኅቴ ከድሬዳዋ እየመጣች ነው አልኩ። በማግስቱም ጠየቁኝ፣ መንገድ ላይ ናት አልኩ። እታለም፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርሽ። ከጎኔ የተኛ ባሏን የምታስታምም አንዲት የዶርዜ ሴት ከእሱ ሾርባ እየቀነሰች ታጠጣኝ ነበር። ስወጣ እኅትህ በሰላም ትግባልህ ብላ መረቀችኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ሲያስወጡኝ ክኒኑን አንድም ቀን እንዳላቋርጥ፣ ጨውና ቅባት እንድተው፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ እንድራመድ ታዘዝኩ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሳምንት በሳምንት እየጨመርኩ። ደረቴን ጠበቅ ካደረገኝ እንድቆም፣ ቆሜም ካልለቀቀኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ። ብቻዬን እንደምኖር ብሩክታዊት ያወቀችው ያን ቀን ነው። ለአንድ ሰው እንኳ ሕመሜን እንድናገር ለመነችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን ደበቅክ ማለትሽ አይቀርም። እኛ ዘንድ በሽተኛ ከተባልክ አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ብርድ ልብስ ደራርቦ፣ ገንፎ በቅቤ እያጎረሱ አትነሳ፣ አይዞህ ማለት ነው። በፍቅር ይጨርሱኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ብትሰሚ በማግስቱ ከነጉልበትሽ አውቶቡስ ላይ ነሽ፤ ቤቱን ዘግተህ ተነስ ብለሽ ይዘሽኝ ትሄጃለሽ። ይህ ቤት ባለቤቴ የሞተችበት ቤት ነው፣ ማሰሮዋ እንኳ እሷ በደፋችበት ቦታ አለ። እዚያ ብመጣም ሸክም እሆንብሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃትም ኩራትም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም።

መራመድ ለእኔ ምን ይገደኛል ብዬ ነበር። በእግሬ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ከታች ከእኛ ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ስንቴ ወጥቼ እንደወረድኩ ቆጥሬም አልጨርሰው። የመጀመሪያው ቀን ግን ከደጄ አራት ግቢ እንዳለፍኩ ቁና ቁና ተነፈስኩ። ሐኪሟ በደቂቃ ስትለካ እኔ በቆጣሪ ነው የምለካው፤ የየግቢው ቆጣሪ የት እንደተተከለ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ሰኔ ላይ አሥራ አንድ ቆጣሪ ደረስኩ። ሐምሌ ላይ ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ። ነሐሴ ላይ አስፋልቱን ተሻግሬ ወደ ኩልፎ ወንዝ የሚወስደውን ሜዳ መንገድ ያዝኩ። ዳገቱን ግን እስካሁን አልሞከርኩትም።

ያስቸገረኝ እግሬ ሳይሆን ወዴት ነው የሚለው ጥያቄ ሆነ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ቢሆነኝም አንዳንዷ አሁንም ስታየኝ በሯን ከፍታ የእኛን ሳታነብ አለፍክ ትለኛለች። ሰው በእኛ ሰፈር እንዲሁ አይሄድም። ወደ ገበያ፣ ወደ ልቅሶ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ወጣት ቢሆን ስፖርት ነው ይባልለታል፤ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ግን ወይ ልቡን ነካው ይባላል ወይ ይመረመራል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ይዤ ስሄድ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አሁን በየደጁ መልስ ማዘጋጀት አለብኝ።

አንድ ጠዋት ከድር የሱቁን በር ሲከፍት ወዴት ነው ጋሼ አለኝ። ሳላስበው ከኩልፎ ማዶ አንድ የታመመ ሰው አለ፣ እሱን ልጠይቅ ነው አልኩት። ከድር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አላህ ያሽርልዎት አለኝ። አሜን አልኩ። እታለም፣ ያቺ ቃል እንዴት እንደገባችልኝ ልነግርሽ አልችልም። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ይማርህ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ መታመሜን ሳያውቁ እንዴት ይበሉኝ? ከዚያ ቀን በኋላ ውሸቱን መተው አቃተኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ያንኑ እላለሁ፣ አሥር ሰው እግዜር ይማርልህ ይለኛል፣ እኔም አሥር ጊዜ አሜን እያልኩ እሄዳለሁ። ስመለስ ተሻለው ወይ ይሉኛል። ትናንት ደረቱን ከብዶት ነበር፣ ዛሬ ሻል ብሎታል፣ እንቅልፍ ግን የለውም እላለሁ። ስለ ራሴ እውነቱን የተናገርኩት በዚያ ሰው ስም ብቻ ነው።

ነገሩን ያከበደችው የከድር ሚስት ዙሁራ ናት። ሰውየውን ማን እንደሚያስታምመው ጠየቀችኝ። ማንም የለውም፣ ብቻውን ነው የሚኖረው አልኳት። ታዲያ ምን ይበላል አለች። ያገኘውን፣ ጨውና ቅባት ግን ተከልክሏል አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ባንኮኒው ላይ በፔርሙዝ የአጃ አጥሚት፣ በምሳ ዕቃ ጨው ያልነካው የምስር ወጥ ጠበቀኝ። ለበሽተኛው እንዳደርስላት ነገረችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

ይዤው ሄድኩ። ከኩልፎ ድልድይ አለፍ ብሎ የሙዝ ማሳው ከሚጀምርበት አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፣ ከሥሩም መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ። እዚያ ተቀምጬ ለበሽተኛው የተላከውን አጥሚት ጠጣሁ። የሚያዩኝ ጦጣዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ዳቦ ያልያዝኩ ቀን ይኮሩብኛል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው አስቦበት የሠራውን ምግብ ስቀምስ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እሱም በእኔ ስም አልነበረም። እየጣፈጠኝ እያሳፈረኝ በላሁት። ዕቃውን አጥቤ በሽተኛው አመስግኗል ብዬ መለስኩላት። ጨረሰው? አለችኝ፤ ጨረሰው ስላት እንደ ልጅ ደስ አላት። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ እንዲህ ኖርን።

መስቀልን ዘመድ ጋ ዶርዜ ያልወጣሁትም እንዳልኩሽ መንገዱ ተበላሽቶ አልነበረም። ዳገቱና ብርዱ ለልቤ እንዳይከብዳት ፈርቼ ነው፤ ደግሞስ በመስቀል ቅቤና ሥጋ ፊት ተቀምጦ አልበላም የሚል የእኛ አገር ሰው ማን አለ? ደውለሽ መስቀልን ከዘመድ ተለይቶ የሚውል ምን ዓይነት ሰው ነው ብለሽ ስትቆጪኝ እውነትሽን ነበር። በሕይወቴ ብቻዬን የዋልኩት የመጀመሪያው መስቀል ነው። ደጄ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያልፍ እንኳን አደረሳችሁ አልኩ፣ ገባሁ፣ የዙሁራን አጥሚት አሞቅሁ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ሰብሳቢያችን አቶ አጵሎስ ብድግ ብለው ስሜን ጠሩ። ሰይፈሥላሴ ረዳት የሌለውን በሽተኛ ማንም ሳይነግረው በየቀኑ ሲጠይቅ መክረሙን፣ እኛ ግን ሰምተን ዝም ማለታችን የሚያሳፍር መሆኑን ተናገሩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንኑ ሰዓት ብርቱካን፣ ዳቦና ለስላሳ ተገዛ፤ ዙሁራም ስትሰማ ፔርሙዟን ይዛ ከሱቋ መጣች፤ ዘጠኝ ሆነው ተሰለፉ። አቶ አጵሎስ እሱ በእግሩ የሚሄደውን እኛ በባጃጅ አንሄድም አሉና ምራን አሉኝ።

አሁን እናገራለሁ አልኩ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከፊት ሆኜ መምራት ጀመርኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ እነግራቸዋለሁ ብዬ አለፍነው፤ አስፋልቱ ጋ ብዬ ተሻገርነው። ከኋላዬ ስለዚያ ሰው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ዘመድ እንዴት አጣ፣ አገሩ ወዴት ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን እንዴት ቻለው ይላሉ። ሲያዝኑልኝ እየሰማሁ ነበር የምሄደው። ድልድዩን ስንጨርስ ፀሐዩ ይሁን ጭንቀቱ ደረቴን ያዝ አደረገኝ። እንደታዘዝኩት ቆምኩ፣ ከዚያ ማንጎው ሥር ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። አቶ አጵሎስ ቤቱ የትኛው ነው እያሉ ዙሪያውን ያያሉ፤ ከሙዝ ቅጠል በቀር ምንም የለም።

«ቤት የለም» አልኳቸው። «በሽተኛው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ከግንቦት ጀምሬ ነገርኳቸው። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ዙሁራ ናት።

«ጨው የሌለውን የሚበሉት እርስዎ ነዎት? ብቻዎን፣ እዚህ ድንጋይ ላይ?»

አዎ አልኳት። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አቶ አጵሎስ ግን የልባቸውን ያህል ተቆጡኝ። ሰፈሩን ሁሉ ማታለሌን፣ ወድቄ ብቀር ኖሮ ማን ይሰማኝ እንደነበር፣ እድር ለቀብር ብቻ የቆመ መስሎኝ እንደሆነ እየጠየቁ ጮሁብኝ። ትክክል ነበሩ። አንዱ ጎረቤታችን ነገሩን ለማብረድ ብርቱካኑን ከፌስታሉ እያወጣ ሊሰጠኝ ሲል አቶ አጵሎስ እጁን ያዙት።

«በሽተኛ የሚጠየቀው ቤቱ ነው። ተነሥ፣ ቤትህ እንሂድ።»

ተመለስን። ዘጠኝ ሰው በእኔ እርምጃ ልክ እየተራመደ፣ እኔ ስቆም እየቆመ። መንገድ ላይ ወዴት ነው የሚላቸው ሲመጣ አቶ አጵሎስ በሽተኛ ልንጠይቅ ነው ይላሉ፣ ሰውም ይማርላችሁ ይላቸዋል። ቤቴ ስንደርስ ወንበር አልበቃንም፤ ሦስቱ አልጋዬ ላይ፣ አንዱ ጄሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። አንድ በአንድ እግዜር ይማርህ እያሉ ገቡ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም አሜን አልኩ።

አሁን ሁሉም ያውቃል። የፈራሁትም አልቀረልኝም፤ ሳምንት ያህል ከአልጋ አትነሳ ብለው በር ዘጉብኝ። ትንሽ ወጣ ካልኩ ወንበር ይዘው ይከተሉኛል፣ ባለባጃጁም ካላሳፈርኩህ ብሎ ይቆምብኛል። ሲብስብኝ አቶ አጵሎስን የቀጠሮዬ ዕለት ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። መራመዱ ራሱ መድኃኒት መሆኑን ከብሩክታዊት አፍ ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ያልወጣሁ ቀን የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ከከድር ጋርም ተስማምተናል፤ ሱቁን ሲከፍት ሳልፍ ካላየኝ መጥቶ በሬን ያንኳኳል፣ አንድ ቁልፍም ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ ወድቆ ይቀርብኛል ብለሽ አትጨነቂ።

ታዲያ ብቸኝነቱ ለቀቀህ ወይ ብትዪኝ፣ አልለቀቀኝም። ሰው ጠይቆኝ ይሄዳል፣ የየራሱ ቤት አለው። ከመንገድ ስመለስ በሩን ከፍቼ እገባለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ላቤን እጠርጋለሁ፣ ክኒኔን እውጣለሁ። ቤቱ ምንም አይለኝም። ቆጣሪ በማነብበት ዘመን ባለቤቴ እግሬን ልታስታጥበኝ ውሃ እያፈሰሰች ዛሬ እስከ የት ደረስክ ትለኝ ነበር። ከእሷ በፊት ደግሞ አንቺ ነበርሽ፤ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እራት ሳታቀርቢ የዞርኩበትን ሰፈር ሁሉ ታስቆጥሪኝ ነበር። ያኔ ስለ ደከመኝ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ወዴት ነህ የሚለኝ ሰው በየደጁ ሞልቷል። እስከ የት ደርሰህ መጣህ የሚለኝ ነው ያጣሁት።

ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ቤቱን ዘግተህ ና የምትዪኝን በደንብ አስቤዋለሁ፣ አሁን አልመጣም። እዚህ የእያንዳንዱን ደጅ መንገድ አውቃለሁ፣ የት ላይ ቆሜ እንደማርፍም አውቃለሁ። በአዲስ አገር እንደገና ከአራት ቆጣሪ መጀመር አልችልም። ይልቅ ጉልበትሽ ሻል ሲለው አንቺ ነይ፤ ያንን የዘጠኝ ቀን መንገድ ጨርሺው። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትደውዪ እንዴት ነህ አትበዪኝ፣ አፌን ታውቂዋለሽ። ዛሬ እስከ የት ደረስክ በዪኝ። ለእሱ የምዋሸው የለኝም።

ጋሽ ወልደሥላሴን እግራቸውን ዘርግተው ከመዋል ትንሽ ወጣ ወጣ እንዲሉ፣ ወዴት ነው ቢባሉም እንዳይደነግጡ ንገሪልኝ። ፀደይን ሳሚልኝ፤ «እናትሽ ይህን አንብባ ብታለቅስ አይዞሽ በያት፣ አንቺ ግን አታልቅሺ» በዪልኝ። ለዳግም እዚህ የማውቃቸው ጦጣዎች ሰላም ብለውሃል በዪው። ጎረቤትሽንም ሁሉ በስም በስማቸው ሰላም በዪልኝ። ከድርና ዙሁራ ባያውቁሽም እንደሚያውቁሽ ይወዱሻል። በሚፍታ እጅ ቅቤ እንዳትልኪ፤ ዙሁራ አግኝታ ትወስደዋለች።

ዛሬ ጠዋት ማንጎውን አልፌ እስከ ሁለተኛው የሙዝ ማሳ ደርሼ መጣሁ፣ እታለም።

ወንድምሽ ሰይፈሥላሴ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.